ስቅለት ሁልጊዜ ዓርብ ነው፦ ለኢየሩሳሌም ጉዞ አዘጋጆች የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ፦ ባለፈው ፋሲካ ኢየሩሳሌም ለወሰደን የጉዞ ድርጅት ኃላፊዎች
እንዲሁም፦ ተሳላሚ ወደ ቅድስት ሀገር ለምትወስዱ ሁሉ

ጉዳዩ፦ ተሳላሚዎች በሰው ሀገር ስለሚደርስባቸው የመጓጓዣ እንግልት

የተከበራችሁ ኃላፊዎች፣

በቅድሚያ የአክብሮት ሰላምታችን ይድረሳችሁ። ይህን ደብዳቤ የምንጽፍላችሁ በእናንተ በኩል ሄደን ፋሲካን በኢየሩሳሌም ያከበርን 43 ተሳላሚዎች ነን። ከተመለስን በኋላ ቢሯችሁ ድረስ መጥተን ቅሬታችንን በቃል ነግረናችሁ ነበር። የሰጣችሁን መልስ አጭር ነው። «ጉዞው በሰላም ተጠናቋል፤ ለሚቀጥለው ዓመትም በዚሁ መርሐ ግብር ምዝገባ ጀምረናል» አላችሁን። ብዕር ያስነሳን «በዚሁ መርሐ ግብር» የምትለዋ ቃል ናት። እኛስ አንዴ ሆነብን፣ አለፈ። የሚቀጥሉት እናቶችና አባቶች ግን በዚያው መንገድ እንዲያልፉ አንፈልግም።

መጀመሪያ ማንን ይዛችሁ እንደሄዳችሁ እናስታውሳችሁ። ከ43ታችን 29ኙ ከ60 ዓመት በላይ ናቸው። አብዛኞቹ አውሮፕላን ሲሳፈሩ የመጀመሪያቸው ነው። አንዲት እናት ለዚህ ጉዞ ስምንት ዓመት እቁብ ጥለዋል። የሌላዋን ወጪ ልጆቻቸው ከአሜሪካም ከዱባይም አዋጥተው ነው የሸፈኑት። «እነሱ ተሳላሚዎች እንጂ ቱሪስቶች አይደሉም» ብላችሁናል። በመንፈስ እውነት ነው። መሬት ላይ ግን እንደማንኛውም የውጭ ሀገር እንግዳ ናቸው። ቋንቋውን አያውቁም። መንገዱን አያውቁም። አውቶቡስ እንዴት እንደሚያዝ፣ ገንዘብ እንዴት እንደሚከፈል አያውቁም። ይህን ሁሉ ታውቃላችሁ ብለን ነው ለእናንተ የከፈልነው።

ከሁሉም በላይ ያንገበገበን የሰንበት ጉዳይ ነው።

የአይሁድ ሰንበት ዓርብ ፀሐይ ስትጠልቅ ይገባል፣ ቅዳሜ ማታ ከዋክብት ሲታዩ ይወጣል። የኢየሩሳሌም የከተማ አውቶቡሶችና ቀላል ባቡሩ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ገና ፀሐይ ሳትጠልቅ ሥራ ያቆማሉ። የሚመለሱት ቅዳሜ ከመሸ ነው። ከቤን ጉሪዮን አውሮፕላን ማረፊያ ኢየሩሳሌም የሚያደርሰው ፈጣን ባቡርም እንደዚያው ይቆማል። ይህ ድንገት የሚመጣ ነገር አይደለም። በየሳምንቱ ያለ ነው።

አሁን የእኛን በዓል ከዚህ ጋር አስተያዩት። ስቅለት ሁልጊዜ ዓርብ ነው። ቀዳም ሥዑር ሁልጊዜ ቅዳሜ ነው። ሰው ባሕር አቋርጦ የሚመጣባቸው ሁለቱ ታላላቅ ቀናት በየዓመቱ መጓጓዣ ከሚቆምበት ሰዓት ጋር ይገጥማሉ። የእነሱ ፋሲካ ሲጨመርበት ደግሞ ይብሳል። በ2011 ዓ.ም. የአይሁድ ፋሲካ ሰባተኛ ቀን የዋለው በእኛ ስቅለት ነበር። ያ ቀን እንደ ሰንበት ስለሚከበር፣ ከጸሎተ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ እስከ ቅዳሜ ማታ መጓጓዣ ቆሞ ነበር ማለት ነው። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ የበዓላቸው የመጀመሪያ ቀን ከሆሳዕና እሑድ ጋር ዋለ። ይህን አስቀድሞ ለማወቅ ሁለት ካላንደር ጎን ለጎን ማየት ይበቃል። «ያልታሰበ ችግር ገጠመን» ያላችሁትን ያልተቀበልነው ለዚህ ነው።

ያሳረፋችሁን ሆቴል የጌታ መቃብር ካለባት ከአሮጌዋ ከተማ ስድስት ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። የተከራያችሁት አውቶቡስ ውሉ ዓርብ ቀትር ላይ አለቀ። አስተባባሪያችሁም «ስግደቱ ሲያልቅ በከተማ አውቶቡስ ትመለሳላችሁ» ብሎን ሄደ። ቀኑን ሙሉ ተሰገደ። ምግብ የቀመሰ የለም። ማታ 12 ሰዓት ሲሆን ነጠላችንን እንዳጣፋን በደማስቆ በር ወጥተን ቀላል ባቡሩ ከሚቆምበት ደረስን። ሐዲዱ ባዶ ነው። ሰው የለም። ከመካከላችን እንግሊዝኛ የሚችለው ወጣት አንድ መንገደኛ ጠየቀ። ሰውየው እጁን አወናጨፈና «ነገ ማታ» አለው።

ታክሲ የያዙ አሉ። ሌሊትና ሰንበት ታሪፉ ከፍ ስለሚል የኪሳቸውን አራግፈው ነው የከፈሉት። የቀረነው 26 ሰዎች በእግር ጀመርን። ዳገት ነው። አንዲት የ74 ዓመት እናት ጫማቸው ስለቆረጣቸው አውልቀው በእጃቸው ያዙት። ግማሽ መንገድ ላይ የመንገድ ጠርዝ ድንጋይ ላይ ቁጭ አሉና «ልጄ፣ እናንተ ሂዱ። እኔ እዚሁ ላድር» አሉ። ይህን የሚሉት ተስፋ ቆርጠው እንጂ ተማርረው አልነበረም። ሁለት ወንዶች በየተራ እያዘሏቸው ሆቴል ስንደርስ ከምሽቱ 4 ሰዓት አልፏል። እግራቸውን በሞቀ ውኃ ስናጥብላቸው ተረከዛቸው ተልጦ ነበር።

በማግስቱ ቀዳም ሥዑር ነው። በዚያ ቀን የአሮጌዋ ከተማ መግቢያዎች ከጠዋት ጀምሮ በፖሊስ ቁጥጥር ሥር ይሆናሉ፤ አርፍዶ የመጣ አይገባም። ማልዶ ለመድረስ ደግሞ የሚወስድ አውቶቡስ የለም። ከእኛ 17ቱ ከአልጋ መነሳት አልቻሉም። ቅዱስ ብርሃኑ ከጌታ መቃብር ሲወጣ አላዩም። ማታ በቅዱስ መቃብር ቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ላይ ባለው የኢትዮጵያውያን ገዳም በዴር ሱልጣን አባቶች በከበሮና በመቋሚያ፣ ጧፍ ይዘው ጉልላቱን ሲዞሩ አላዩም። ስምንት ዓመት እቁብ የጣሉት እናት ከ17ቱ አንዷ ናቸው። የብርሃኑን መውጣት ሆቴል ተኝተው በቴሌቪዥን ነው ያዩት። በቴሌቪዥንማ አዲስ አበባ ሆነውም ያዩት ነበር።

መፍትሔ ባይኖር እሺ። ግን ነበር። ከፋሲካ በኋላ አንድ እዚያ የሚኖሩ አባት ነገሩን። በደማስቆ በር በኩል ካለው መናኸሪያ ወደ ምሥራቅ ኢየሩሳሌም ሰፈሮችና ወደ ቤተልሔም የሚሄዱት የዓረቦቹ አውቶቡሶች ቅዳሜም ይሠራሉ። በዚያ በኩል ያለ ሆቴል ብትይዙልን ኖሮ ይህ ሁሉ አይመጣም ነበር። ወይም ዓርብና ቅዳሜ የሚሠራ ሹፌር መከራየት ይቻል ነበር። አባታችን «ምነው ቀድማችሁ ብትጠይቁኝ» አሉ። መጠየቅ የነበረበት እኛ ነን ወይስ እናንተ?

ሁለተኛው ነገር ሲታይ ትንሽ ይመስላል። ሰዓት ነው።

በፋሲካ ሰሞን እስራኤል በበጋ ሰዓት አቆጣጠር ላይ ስለሆነች ከኢትዮጵያ ጋር ልዩነት የለንም። የእጅ ሰዓት ማስተካከል አያስፈልግም። የሚለየው አጠራሩ ነው። እኛ ሰዓት የምንቆጥረው ከንጋት ነው፣ እነሱ ከእኩለ ሌሊት። አስተባባሪያችሁ ሆቴሉ ግድግዳ ላይ በአማርኛ ማስታወቂያ ለጠፈ። «ነገ ዮርዳኖስ፣ 8:00» ይላል። በአማርኛ ተጽፎ ስምንት ሰዓት ከተባለ ለአንዲት እናት ከቀትር በኋላ ነው እንጂ ሌላ ምን ይሆናል? ወጣቶቹ ገባን። ሁለት እናቶች ግን «እንግዲያው እስከዚያ ጸሎታችንን እናድርስ» ብለው ክፍላቸው ቆዩ። አውቶቡሱ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ላይ ሄደ። ሰው አልተቆጠረም።

ከሰዓት 7 ተኩል ላይ ነጭ ለብሰው፣ ባዶ ጠርሙሳቸውን በፌስታል ይዘው፣ ወደ እንግዳ መቀበያው ወረዱ። እንግዳ ተቀባይዋ ማንም እንደሌለ በምልክት ነገረቻቸው። አመሻሽ ላይ ስንመለስ እዚያው ወንበር ላይ ተቀምጠው አገኘናቸው። ያመጣንላቸውን የዮርዳኖስ ውኃ ተቀበሉ፣ በእጃቸው መዳፍ አፍስሰው ፊታቸውን አበሱ። አንድም ክፉ ቃል አልወጣቸውም። እኛ ግን እስከ ዛሬ ያን ወንበር ባሰብነው ቁጥር ያመናል። «ከጠዋቱ 2 ሰዓት» ብሎ መጻፍ ስንት ቃል ነው?

በሦስት ቀኑ ይኸው ነገር ተገልብጦ መጣ። «ቤተልሔም 2:00» ተባለ። ሕዝቡ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ተሰልፎ ወጣ። አውቶቡሱ የመጣው ከሰዓት 8 ሰዓት ላይ ነው። በሰሙነ ሕማማት ስድስት ሰዓት ሙሉ በር ላይ ቆመን ጠበቅን።

ቤተልሔም ካነሳን የፓስፖርቱን ነገር እንናገር። ገና አውሮፕላን ማረፊያው ሳለን ፓስፖርታችንን በሙሉ ሰበሰባችሁ። ስንገባ የተሰጠችንን ትንሿን የመግቢያ ወረቀትም አብራችሁ ወሰዳችሁ። እስራኤል ሲገባ ፓስፖርት ላይ ማኅተም አይመታም፤ ሕጋዊ እንግዳ መሆናችንን የምታሳየው ያቺ ወረቀት ናት። ቤተልሔም ከኢየሩሳሌም አሥር ኪሎ ሜትር አትርቅም፤ ነገር ግን በፍልስጤም አስተዳደር ሥር ናት። ሲመለሱ ኬላ አለ። የእኛን አውቶቡስ አስቆሙት። ወታደሮቹ ፓስፖርትና ወረቀት ጠየቁ። የ43 ሰው ፓስፖርት ሆቴል ውስጥ በአንድ ቦርሳ ተቆልፎበታል። ቦርሳው በታክሲ እስኪመጣ ሁለት ሰዓት ተኩል ጠበቅን። የስኳር ሕመም ያለባቸው አባት መድኃኒታቸውም ሆቴል ነበር።

«ተሳላሚ መስሎ ሄዶ የሚቀር ስላለ ነው የምንሰበስበው» ብላችሁናል። የሚቀር እንዳለ እናውቃለን። እናንተም ተጠያቂ እንደምትሆኑ እንረዳለን። ነገር ግን በሰው ሀገር ያለ ሰው መታወቂያው ፓስፖርቱ ነው። እሱን ነጥቆ መንገድ ላይ ማሰማራት ልክ አይደለም። ስጋት ካላችሁ ገና እዚህ ሳለን ዋስ ጠይቁ፣ ቤተሰብ አስፈርሙ። ወይም ቢያንስ ለየቀኑ ጉዞ ስንወጣ መልሱልን።

መጥፋትም ነበረ። አሮጌዋ ከተማ ለማያውቃት ሰው መግቢያና መውጫዋ ይጠፋል። ከቅዱስ መቃብር አደባባይ ተነስቶ ዴር ሱልጣን ለመድረስ በአንድ በኩል ደረጃውን ወጥቶ በቅዱስ ሚካኤልና በአርባዕቱ እንስሳ ጸሎት ቤቶች ውስጥ ማለፍ ይቻላል። በሌላ በኩል ደግሞ በገበያው ዞሮ ከፍኖተ መስቀሉ ዘጠነኛ ምዕራፍ አጠገብ መግባት አለ። አስተባባሪያችሁ ቡድኑን ለሁለት ከፍሎ በሁለቱም መንገድ ላከን። ከኋላ የነበሩ አንድ የ68 ዓመት አባት ገበያው ውስጥ ተነጠሉ።

ኪሳቸው ውስጥ የሆቴሉ ስም የለም። ስልካቸው እዚያ አይሠራም። ሰው ሲጠይቃቸው «ትልቁ ነጭ ሕንፃ» ይላሉ። ኢየሩሳሌም ግን ከእንግሊዞች ዘመን ጀምሮ ሕንፃ በዚያው በነጣው የአካባቢው ድንጋይ እንዲለበስ በከተማ ደንብ የታዘዘባት ከተማ ናት። ሁሉም ነጭ ነው። አራት ሰዓት ያህል ከዞሩ በኋላ በያፋ በር አጠገብ አንዲት የደንብ ልብስ የለበሰች ወጣት ነጠላቸውን አይታ «አባባ፣ ከየት ነው የመጡት?» አለቻቸው። በአማርኛ! የቤተ እስራኤል ልጅ ናት። ውኃ አጠጣቻቸው፣ ይዛቸው እስከ ደብረ ገነት ኪዳነ ምሕረት አደረሰቻቸው። ደብረ ገነት ያለችው ኢትዮጵያ ጎዳና በሚባለው መንገድ ላይ ነው፤ አፄ ዮሐንስ አስጀምረዋት በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የተፈጸመች ቤተ ክርስቲያን ናት። ከአሮጌዋ ከተማ በእግር ሩቅ አይደለችም። «ከጠፋችሁ ደብረ ገነት በሉ፣ እዚያ እንገናኛለን» ብላችሁ አንድ ቃል ብትነግሩን ኖሮ አባታችን ያን ያህል አይንከራተቱም ነበር። ያቺ ልጅ ስሟን አልነገረችንም። ይህን ካነበበች እግዚአብሔር ይስጥልን።

ስለ ገንዘብ ብዙ አንልም። ክፍያችን መጓጓዣን እንደሚጨምር ውላችን ላይ ተጽፏል። ይሁን እንጂ ሦስት ጊዜ ተጨማሪ ዶላር ሰብስባችኋል። ደረሰኝ አልሰጣችሁም። በከተማ አውቶቡስ ሂዱ ስትሉንም ሹፌሩ ጥሬ ገንዘብ እንደማይቀበል አልነገራችሁንም። ራቭ ካቭ የሚባል ካርድ አለ፤ ለአውቶቡሱም ለባቡሩም ያገለግላል። ቀድሞ ይሞላል፣ ሲሳፈሩ ማንበቢያው ላይ ይነካል። ይህን ያስረዱን ሆቴሉ ውስጥ ያገኘናቸው የናይጄሪያ ተሳላሚዎች ናቸው። የእነሱ መሪ ገና ሲደርሱ ለሁሉም ካርድ አድሎ፣ አንገታቸው ላይ አንጠልጥሎላቸው ነበር።

እንግዲህ የምንጠይቃችሁ የሚከተለውን ነው።

ለሚቀጥለው ዓመት የተለጠፈውን መርሐ ግብር አንሱትና አስተካክሉት። ከስቅለት ጠዋት እስከ ትንሣኤ ሌሊት የሚሠራ አውቶቡስ ከነሹፌሩ በውል ይያዝ። ካልቻላችሁ ደካሞች በእግራቸው ሊደርሱበት የሚችሉ፣ ለአሮጌዋ ከተማ ቅርብ የሆነ ማረፊያ ያዙ። ዋጋው ሊጨምር ይችላል። ጨምረን እንከፍላለን፤ ሌላ ሁለት ዓመት እቁብ መጣል ካስፈለገም ይጣላል። ዋናው ቀድሞ መነገሩ ነው።

ማንኛውም የሰዓት ማስታወቂያ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ይጻፍ። ጠዋት፣ ከሰዓት፣ ማታ የሚለው ቃል አይቅርበት። አውቶቡስ ከመነሳቱ በፊት ሰው ይቆጠር።

ለእያንዳንዱ ተሳላሚ አንገት ላይ የሚንጠለጠል ካርድ ይሠራ። የሆቴሉ ስምና አድራሻ በዕብራይስጥ፣ በዓረብኛና በአማርኛ ይጻፍበት። የአስተባባሪው የእስራኤል ስልክ ቁጥርም ይኑርበት። ያለባቸው ሕመምና የሚወስዱት መድኃኒት ከኋላው ቢጻፍ ደግሞ የተሻለ ነው።

ፓስፖርትና የመግቢያ ወረቀት በባለቤቱ እጅ ይሁን።

ከመነሻው ቀን በፊት አንድ ከሰዓት በኋላ መድቡና ሰው ሰብስባችሁ አስረዱ። ከዚህ ቀደም የሄድን ሰዎች ካለምንም ክፍያ መጥተን ያየነውን ለመናገር ፈቃደኞች ነን። ስድስታችን ስማችንን አስመዝግበናል።

በመጨረሻም በቀዳም ሥዑር ሆቴል የቀሩት 17 ሰዎችና ዮርዳኖስ ሳይደርሱ የተመለሱት ሁለት እናቶች ጉዳይ አለ። ገንዘብ ይመለስልን አላሉም። የጠየቁት እንደገና ሲሄድ በቀነሰ ዋጋ ቅድሚያ እንዲሰጣቸው ነው። ከመካከላቸው አራቱ ከ70 ዓመት በላይ ስለሆኑ ውሳኔያችሁን በሚቀጥለው ዓመት ሳይሆን በዚህ ወር እንጠብቃለን።

ከአክብሮት ጋር፣

የ43ቱ ተሳላሚዎች ተወካይና የጉዞ ማኅበሩ ጸሐፊ

ግልባጭ፦
ለተሳላሚ ቤተሰቦች በሙሉ
ለሚቀጥለው ፋሲካ ለተመዘገባችሁ እናቶችና አባቶች